መድኃኒቱ ሳለ ስለ ምን በእብድ ውሻ እንሞታለን?

ባለፈው ሰኔ በባዮሎጂ ፈተና ከቀረቡልን ጥያቄዎች አንዱ፣ «የብዙ በሽታዎች ክትባት የሚሰጠው ሰው በበሽታው ከመያዙ አስቀድሞ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ሰው ከተነከሰ በኋላ ቢሰጥም የሚያድነው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። አብዛኞቻችን በሚገባ መለስን። የበሽታው ቫይረስ በደም ተሸክሞ እንደማይሄድ፣ ከቁስሉ ተነሥቶ የነርቭን መንገድ እየተከተለ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል እንደሚወጣ፣ ይህም ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር እንደሚፈጅ፣ ክትባቱም በዚሁ ፋታ ውስጥ የሰውነትን መከላከያ ኃይል አዘጋጅቶ እንደሚቀድመው ጻፍን። መምህራችንም ሙሉ ማርክ ሰጡን።

ነሐሴ ላይ ለዕረፍት ወደየቤታችን ገባን። ከአንድ አውራጃ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ሰፈር ሳለን፣ ጥጃ ይጠብቅ የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ክንዱ ላይ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። እናቱ አመድ ነስንሳ በጨርቅ አሰረችለት። አባቱም እኛ ወደ ተቀመጥንበት መጡና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ሰው ሁሉ ወደ መድኃኒት አዋቂው ውሰደው ይለኛል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ መርፌውም ይኑር አይኑር አይታወቅም። ምን ይሻላል ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛ በሰኔ ሙሉ ማርክ ያገኘነው ሰዎች፣ በሽማግሌዎች ፊት መቃወም ድፍረት መስሎን፣ «አባባ፣ ትልልቆቹ እንደሚሉት ያድርጉ» ብለን መለስን።

ልጁ ሰባት ቀን ሥር ተጨምቆለት ጠጣ። ቁስሉ ደረቀ፤ መድኃኒት አዋቂውም ተመሰገነ። እኛም ወደ ትምህርታችን ተመለስን። ጥቅምት ላይ ከቤት ተደወለልን። ልጁ ክንዱን ያሳክከው ጀመር፤ ቀጥሎ ትኩሳት ያዘው፤ ከዚያም ውሃ በቀረበለት ቁጥር ጉሮሮው እየታነቀ ይጮህ ነበር። ያን ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ከሐኪም ዘንድ አደረሱት። ሐኪሙ ግን ከማስታገስ በቀር የሚያደርገው አልነበረም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ ያለ ጥቂት የማይምር ነውና። ልጁ በአምስተኛው ቀን ዐረፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ይህን ያነሣነው ለማልቀስ አይደለም፤ ኃዘኑስ የወላጆቹ ነው። ያነሣነው አንድ ነገር ለመናገር ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው የሚሞተው ሳይንስ መድኃኒት ስላላገኘለት አይደለም። መድኃኒቱ ከተገኘ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚሞተው በተገኘው መድኃኒትና በተነከሰው ሰው መካከል ያለውን መንገድ የሚዘረጋ ስለ ጠፋ ነው። ከዚያም መንገድ አንዱ ቁራጭ የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነበር፤ እኛም አልዘረጋነውም።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሐምሌ ወር 1885 ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ከአልዛስ የመጣውንና እብድ ውሻ ክፉኛ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ተቀበለ። ፓስተር በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች የወጣ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር በማድረቅ ቫይረሱን አዳክሞ ነበርና፣ መጀመሪያ በጣም የደከመውን፣ ቀጥሎ ብርቱውን እያስከተለ በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ አስወጋው። ልጁም ዳነ። ልብ በሉ፤ ፓስተር ቫይረስን በዓይኑ አላየም፤ በዘመኑ የነበረው ማይክሮስኮፕ ሊያሳየው አይችልምና። ይሁን እንጂ የማያየውን ጠላት በጊዜ መቅደም እንደሚቻል አወቀ።

ዳሩ ግን ክትባት ብቻውን የማይበቃበት ሁኔታ አለ። ክትባት ማለት የሰውነትን ወታደር ማሠልጠን ነው፤ ሥልጠናው ደግሞ ሰባትና ዐሥር ቀን ያህል ይፈጃል። ሰው ፊቱን ወይም ራሱን ከተነከሰ ለአንጎል ቅርብ ስለ ሆነ ቫይረሱ ሥልጠናው ሳያልቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዘዴ ተፈለገ፤ ይኸውም የሠለጠነ ጦር ከሌላ መዋስ ነው። አስቀድሞ ከተከተበ ፈረስ ወይም ሰው ደም ውስጥ አንቲቦዲ የተባለውን ተዘጋጅቶ ያለ መከላከያ አውጥቶ በቁስሉ ዙሪያ መውጋት ማለት ነው። ይህንንም ሴረም እንለዋለን።

ሴረሙ ለመጥቀሙ ግልጽ ማስረጃ የተገኘው በፓሪስ ወይም በኒው ዮርክ አልነበረም፤ በኢራን ገጠር ነበር። በ1954 አንድ ያበደ ተኩላ ወደ አንድ መንደር ገብቶ በአንድ ሌሊት 29 ሰዎችን ነከሰ። የቴህራን ፓስተር ኢንስቲቱት ሐኪሞች ቁስለኞቹን ተቀበሉ። ራሳቸው ላይ ከተነከሱት መካከል ክትባት ብቻ ከተሰጣቸው 5 ሰዎች 3ቱ ሞቱ፤ ክትባትና ሴረም አንድ ላይ ከተሰጣቸው 13 ሰዎች ግን የሞተው አንድ ብቻ ነው። የራስ ቅሉ የተበሳ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀር ዳነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሕግ፣ ማለት ክፉ ንክሻ ለደረሰበት ሰው ክትባትና ሴረም በአንድነት ይሰጠው የሚለው፣ ከዚያ መንደር ሰዎች ሥቃይና ከእነዚያ ሐኪሞች ትጋት ብርቱ ማስረጃ አግኝቷል። ኢራን ያን ጊዜ ባለጸጋ አገር አልነበረችም። «ሳይንስ የሀብታሞች ሥራ ነው» የሚሉ ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡት እንወዳለን።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ ክትባት በመሥራት ባዳ አይደለችም። በአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ክትባት ሲመረት ኖሯል። ክትባቱ ፌርሚ በተባለ ጣሊያናዊ ዘዴ ይዘጋጅ የነበረ ሲሆን፣ ቫይረሱ በበግ አንጎል ውስጥ ከተራባ በኋላ አንጎሉ ተፈጭቶ ፌኖል በተባለው ኬሚካል እንዲዳከም ይደረግ ነበር። በዚህ ክትባት ቁጥሩ የማይናቅ ወገናችን ነፍሱን አትርፏል። ዘመናዊ መሣሪያ ሳይሟላላቸው፣ በየዕለቱ ከዚህ ቫይረስ ጋር እየተጋፈጡ ያመረቱትን ሠራተኞች ልናከብራቸው ይገባል።

ነገር ግን አክብሮት እውነቱን ከመናገር ሊከለክለን አይችልም። የዚህ ዓይነቱ ክትባት ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ኃይሉ አነስተኛ ስለ ሆነ ተነካሹ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ መወጋት ነበረበት። አንድ ገበሬ ከእርሻው ተነጥሎ ሁለት ሳምንት በከተማ የት ያድራል? ምን ይበላል? ብዙዎች ሳይጨርሱት እየተዉ ቢሄዱ ሊፈረድባቸው አይገባም። ሁለተኛ፣ ክትባቱ የአንጎል ፍጭት ስለ ነበረ ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ አልፎ አልፎ የገዛ ነርቩን ሽፋን ጭምር እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። በዚህም ምክንያት ከተከተቡት አንዳንዶቹ ሽባ ይሆኑ፣ አልፎ አልፎም ይሞቱ ነበር።

ከዚህ የተሻለ ክትባት የለም እንዳይባል፣ አለ። በ1960ዎቹ በፊላደልፊያ በዊስታር ኢንስቲቱት የነበሩ ተመራማሪዎች ቫይረሱን በእንስሳ አንጎል ሳይሆን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚያድግ የሰው ሴል ላይ አራቡት። ይህም አዲስ ክትባት እንደገና የተፈተነው በኢራን ነበር፤ በ1976 በታተመው ጥናት፣ ባበዱ ውሾችና ተኩላዎች የተነከሱ 45 ሰዎች አዲሱ ክትባትና ሴረም ተሰጥቷቸው ሁሉም ተረፉ። በ1984 የዓለም ጤና ድርጅት በአንጎል የሚሠራው ክትባት በየትም እንዲቀር መከረ። በአገራችን ግን ያው የበግ አንጎል ክትባት እስከ 2010ዎቹ ድረስ ሲመረትና ሲሰጥ ቈየ። ምክሩ ከተሰጠ በኋላ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ? እዚህ ላይ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ስለሚሰማ ሁለቱንም እንመርምር።

የመጀመሪያዎቹ፣ «የራሳችን ስለ ሆነ ይሻላል፤ ከውጭ እየገዙ መኖር ባርነት ነው» ይላሉ። አሳባቸው ክፉ አይደለም። በ2021 የኮቪድ ክትባት ለዓለም በተከፋፈለ ጊዜ ከባለጸጎቹ አገሮች አንዳንዶቹ ከሕዝባቸው ቁጥር የሚበልጥ ክትባት አስቀድመው ሲይዙ፣ አፍሪካ ወረፋ ስትጠብቅ አይተናል። እንዲህም ሆኖ፣ ራስን መቻል ማለት አሮጌውን ዕቃ በገዛ እጅ መሥራት ማለት ነውን? እኛ እንዲህ አይመስለንም። ራስን መቻል ማለት የተሻለ ነገር ሲገኝ ተቀብሎ፣ አጥንቶ፣ የራስ አድርጎ አሮጌውን መጣል መቻል ነው። መለወጥ የማይችል ፋብሪካ የኩራት ምንጭ ሊሆን አይገባውም። ኩራትም መድኃኒት አይደለም፤ በተነከሰ ልጅ ክንድ ላይ ሊወጋ አይችልም።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ፣ «የክትባት ሥራ ለእኛ አይሆንም፤ ገዝተን እንጠቀም» ይላሉ። ለእነዚህስ ቢሾፍቱ ድረስ ሄደው እንዲያዩ እንመክራቸዋለን። በዚያ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለከብቶቻችን ክትባት ሲያመርት ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል። በ1888 ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን ያስከተለው የከብት ደስታ በሽታ በክትባት ተሸንፎ፣ በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ የኢትዮጵያ ገበሬና የእንስሳት ሐኪም የድሉ ተካፋዮች ነበሩ። ለከብት የቻለ እጅ ለሰው አይችልም የሚል ካለ ምክንያቱን ያስረዳን።

በዚህ ረገድ ህንድን እንመልከት። ከላይ የጠቀስነው ሴረም ከፈረስ ወይም ከሰው ደም የሚወጣ ስለ ሆነ ዋጋው ውድ፣ መጠኑም ጥቂት ነው። በመሆኑም በብዙ ደሃ አገር ሐኪም ክትባት ቢኖረው እንኳ ሴረም የለውም። የህንድ ሊቃውንት ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የተባለውን፣ ያለ ፈረስና ያለ ደም ለጋሽ በትልልቅ ጋን ውስጥ ከሚያድግ ሴል የሚመረተውን መከላከያ ሠሩ፤ ከ2017 ጀምሮም በአገራቸው ሥራ ላይ አዋሉት። እነርሱም የውሻ ንክሻ የበዛባቸው፣ ደሃቸው የበዛ ሕዝብ ናቸው። ችግራቸውን ራሳቸው አጠኑት እንጂ ሌላው እስኪያጠናላቸው አልጠበቁም።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ከሁለቱ ወገን መካከል ነው። ዛሬ የሚነከሰው ልጅ የነገውን ፋብሪካ ሊጠብቅ ስለማይችል፣ ዘመናዊው ክትባት ዛሬ ተገዝቶ እስከ ወረዳ ጤና ጣቢያ ይድረስ። ይህም እንደ ድሮው የሁለት ሳምንት መከራ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ክትባቱ በቆዳ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን መመላለስ ይበቃል። መድኃኒቱም ይቆጠባል። ጋቪ የተባለው የክትባት ማኅበርም በ2024 ለዚህ ክትባት ለሚረዳቸው አገሮች የድጋፍ በር ከፍቷል። ይህ በር ሳይዘጋ ይገባበት። በዚያው ላይ ወጣት ሳይንቲስቶቻችን የሴል እርባታንና የአንቲቦዲን ሥራ ተምረው ነገ በአገር ውስጥ እንዲያመርቱ ከዛሬ ይሠልጥኑ።

ሆኖም ሰውን ብቻ እየከተቡ መኖር ከሚያፈስ ጣራ ሥር ዕቃ እየደቀኑ መኖር ነው። ጣራው ውሻው ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በሽታውን ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት 99 ከመቶው ውሾች ሲሆኑ፣ ከሟቾቹም 40 ከመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። በአንድ አገር ካሉት ውሾች 70 ከመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይጠፋል። ይህም ወሬ አይደለም፤ ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾችን በነጻ በዘመቻ ከትባ፣ በ2019 በውሻ ከሚመጣ የእብድ ውሻ ሞት ነጻ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ የመሰከረላት አገር ሆነች።

በእኛ አገር ውሻን በመርዝ መፍጀት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። የተገደለው ውሻ ቦታ ግን ያልተከተበ ሌላ ውሻ ሲይዘው ጥቂት ወራት አይፈጅም። የተከተበ ውሻ ግን በሰውና በበሽታው መካከል የቆመ ዘበኛ ነው። ጥፋቱም በሰው ብቻ አይወሰንም። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው፣ ቁጥሩ ወደ 500 ያሽቈለቈለው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች በሚጋባበት በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል። በ2018 ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ለቀበሮው መከተቢያ ብልሃት ከተገኘ ለገበሬው ልጅ ሊታጣ አይገባም።

አሁን ስለ ራሳችን ጥቂት እንበል። መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚገባውንም ወቀሳ አንነፍገውም። ነገር ግን ያን ቀን አባቱ የጠየቁት መንግሥትን አልነበረም፤ እኛን ነበር። መልሱንም እናውቀው ነበር። ዕውቀታችን ከፈተና ወረቀት ላይ ተነሥቶ እስከ አንደበታችን መድረስ አቃተው። ስለ መድኃኒት አዋቂው ክፉ መናገር አንፈልግም፤ ሰውዬው የሚያውቀውን ሠራ። በእብድ ውሻ ከተነከሱት ሁሉ በሽታው የሚይዛቸው ከፊሎቹ ስለ ሆኑ፣ ያልያዛቸው ሰዎች መዳናቸውን ከሥሩ ይቈጥሩታል፤ እርሱም በቅን ልቡ ያዳነ ይመስለዋል። ዝም ያልነው ግን የምናውቀው ነን።

ስለሆነም ለኅብረታችንና ለመምህሮቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በሚመጣው ክረምት ወደየአገሩ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ይህን ቃል ይዞ ይግባ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ አመድም ሆነ ቅጠል አያድርግበት፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ሳይንቅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቢዘገይም እንኳ ምልክት እስካልታየ ድረስ መሄዱ ይጠቅመዋል። ሳሙና ርካሽ ነው፤ ቫይረሱን ግን ከነሽፋኑ ያፈርሰዋል። ይህን ለመናገር ዲግሪ መጠበቅ አያሻም።

ሁለተኛ፣ የባዮሎጂ፣ የሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ተባብረው፣ በመምህሮቻቸው መሪነት በግቢያችንና በአካባቢው ያሉትን ውሾች ቈጥረው ይመዝግቡ፤ በዓመት አንድ ቀንም የውሻ ክትባት ቀን እንዲደረግ ከሚመለከታቸው ጋር ይነጋገሩ። ሰባ ከመቶ የሚለው ቁጥር ከአንድ ሰፈር መጀመር ይችላል።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን በፈተና ላይ «ስለ ምን ያድናል?» ብቻ ሳይሆን፣ «የተነከሰ ልጅ አባት ቢጠይቅህ ምን ትመልሳለህ?» ብለው ይጠይቁን። የመጀመሪያውን በቃላችን እናውቀዋለን። በሁለተኛው ወድቀናል።

በ2015 የዓለም አገሮች ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው በ2030 በውሻ ከሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ዓላማ አድርገዋል። ቀኑ ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን፣ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ቫይረሱም ቢሆን ሩቅ ሳይሄድ በቅርቡ ካልተያዘ አይያዝም። እኛ በነሐሴ ያላልነውን ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ ብለናል። ለዚያ ልጅ ዘግይቷል፤ ነገ ለሚነከሰው ግን አልዘገየም።